ከቤት ኪራዩ በፊት የሳህኑን ሒሳብ አስዪ

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው። ቤሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ምግብ መሥራት የተማርኩት እዚያ፣ ማዳም ጎን ቆሜ እያየሁ ነው። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። ከዚያ ሽንኩርት ከታፊ፣ አሁን ወጥ ሠሪ ነኝ። የምገባው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ የምወጣው ማታ። ዓምና ሰርተፍኬት ያለው ልጅ ሼፍ ተብሎ በእኔ እጥፍ ደሞዝ ተቀጠረ። ወጡን የማጣፍጠው ግን እኔ ነኝ። አሁን የራሴን መጀመር እፈልጋለሁ። እጄ ላይ 240 ሺህ ብር አለ። 150 ሺው ከቤሩት የተረፈኝ ነው። 90 ሺው ዕቁብ ነው፤ 30 ሰው ሆነን በወር 3 ሺህ እንጥላለን፣ በቅርቡ 11ኛ ዕጣ ላይ ደረሰኝ። ወንድሜ መገናኛ አካባቢ በወር 25 ሺህ የሚከራይ ቤት አግኝቷል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይላል። ወንድሜ ገንዘብ ባይኖረውም ማኔጀር ሆኖ አብሮኝ ሊሠራ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ‹መጀመሪያ ትምህርት ቤት ገብተሽ ሰርተፍኬት ያዢ› ይሉኛል። ቤቱን ልያዝ ወይስ ልማር? ሥራዬንስ መቼ ልልቀቅ?» መ. ነኝ፣ ከሳሪስ

እህቴ መ.፣ ቁርጡን ልንገርሽ። ቤቱን አትያዢ። ሥራሽን ትተሽ ትምህርት ቤትም አትግቢ። ንግዱን ግን ጀምሪ፣ ያውም ሳትቆዪ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። 240 ሺህ ብር እጅሽ ላይ አለ፣ ሁሉም ግን ያንቺ አይደለም። ዕቁቡ 11ኛ ላይ ደረሰሽ ማለት ገና 19 ወር ትጥያለሽ ማለት ነው። 19 ጊዜ 3 ሺህ፣ 57 ሺህ ብር ይመጣል። ወለድ የለውም እንጂ ዕዳ ነው። አንድ ወር ብትዘገዪ ዳኛውም ዋሶችሽም በርሽ ላይ ናቸው። ስለዚህ የእውነት ያለሽ 183 ሺህ ነው።

ከዚህ ላይ ለአከራዩ 150 ሺህ ስትቆጥሪለት 33 ሺህ ይቀርሻል። በ33 ሺህ ፍሪጅ ትገዣለሽ ወይስ ምድጃ? ጠረጴዛና ወንበሩስ? ቀለሙ፣ የመብራት መስመሩ፣ የውሃ ታንከሩስ? የአስተናጋጇ የመጀመሪያ ወር ደሞዝ ከየት ይመጣል? አዲስ ምግብ ቤት ደንበኛ እስኪያፈራ ድረስ ባለቤቱ ከኪሱ እያወጣ ነው የሚያቆየው። አንቺ ደግሞ ገና በሩን ሳትከፍቺ ኪስሽ ባዶ ሊሆን ነው። የስድስት ወር ከፍለው በሦስተኛው ወር የዘጉ ሰዎች አውቃለሁ። እጃቸው ያጣፍጥ ነበር። ያለቀባቸው ገንዘቡ ነው።

ታዲያ የት ትሠሪያለሽ? ግሮሰሪዎችን ዞር ዞር ብለሽ እዪ። ብዙዎቹ የሚሞቁት ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ኪችናቸው ባዶውን ይውላል። ባለቤቱ መጠጡን ይሸጣል፣ ኪችኑን ለሌላ ሰው ያከራያል። «ኪችን ይከራያል» የሚል ወረቀት ሳሪስም ጎተራም በር ላይ ተለጥፎ ታገኛለሽ። ምድጃው አለ፣ ውሃው አለ፣ ማጠቢያው አለ። ላንቺ የሚያስፈልግሽ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ሙሉ ቀን ከሚከራየው ሰው ያነሰ ክፈዪ ብለሽ ተደራደሪ፤ የምሽቱን ገበያ አትነኪበትምና ባለቤቱ አይጠላውም።

ውሉን ግን በጽሑፍ አድርጊው። መብራትና ውሃ ማን ይከፍላል? ጋዙ የማን ነው? ገበያው ሲደራልሽ ኪራዩን በአንዴ እንዳይሰቅልብሽ ለስንት ወር ነው ዋጋው የማይነካው? ልቀቂ ቢልሽ ስንት ቀን ይሰጥሻል? እነዚህን አራት ነገሮች ወረቀት ላይ ሳታሰፍሪ ድስትሽን እንዳታስገቢ። ኪችን የተከራዩ ሴቶች በብዛት የሚያለቅሱት ደንበኛ አጥተው ሳይሆን፣ ደንበኛ ካመጡ በኋላ ውጡ ተብለው ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ የወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ምግብ አዘጋጅቶ ለማቅረብ ምን እንደሚጠየቅ ሥራ ሳትጀምሪ ጠይቂ። የጤና ምርመራሽንም አብረሽ ጨርሺ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ቤሩት አንድ መስመር ጽፈሽ አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው የቆምኩት። ስድስት ዓመት የሊባኖስ ቤት ኪችን ውስጥ የቆመች ሴት ሙጀደራ መሥራት አያቅታትም፤ ምስርና ሩዝ በተጠበሰ ሽንኩርት ማለት ነው። የሽምብራ ማባያውን ሑሙስ፣ ከሽምብራ የሚጠበሰውን ፈላፍል፣ የቅጠላ ቅጠል ሰላጣውን ታቡሌ፣ የደበርጃን ማባያውን ሙተበል ታውቂያለሽ። ልብ በይ፤ እነዚህ ሁሉ የጾም ምግቦች ናቸው። ሥጋ የላቸው፣ ቅቤ የላቸው፣ እንቁላል የላቸው። የሊባኖስ ክርስቲያኖችም በጾማቸው የሚበሉት ይህንኑ ነው።

እዚህ አገር ደግሞ ጾሙን ቁጠሪው። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም 43 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን። የሐዋርያት ጾም አለ፣ ነነዌ አለ። የቢሮ ሰው በእነዚህ ቀናት ምሳው ምንድን ነው? ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ በአትክልት፣ እንደገና ሽሮ። ሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ ሰው ሁሉ አዲስ ጣዕም ይናፍቃል። አንቺ ያንን ጣዕም በእጅሽ ይዘሽ ተቀምጠሻል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሥጋ ስትሸጪ የማን ሥጋ ነው፣ የክርስቲያን ነው የሙስሊም የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የጾም ምግብ ብቻ ስትሠሪ ግን አንድ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከአንድ ድስት ይበላል። ጿሚዋም «ድስቱ ቅቤ ነክቶት ይሆን?» ብላ አትጨነቅም፤ ኪችንሽ ውስጥ ቅቤ የለማ። ግሮሰሪው ማታ ጥብስ የሚሠራ ከሆነ ግን የራስሽን ድስት፣ መጥበሻ፣ ቢላና መክተፊያ ገዝተሽ ለብቻው ቆልፊበት። በዚህ ነገር አንዴ የተጠራጠረ ደንበኛ አይመለስም።

ጥሬ ዕቃው ደግሞ እዚሁ ነው። ሽምብራ በማምረት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገራችን ናት። ለጣሂናው፣ ማለትም ለተፈጨው የሰሊጥ ማባያ፣ ሰሊጡ ከሁመራ ይመጣል። ሎሚውም ሽንኩርቱም ምስሩም ገበያ ላይ አለ።

ሁሉንም በአንዴ አታውጪ። ፈላፍል ይቆይልኝ። ሽምብራውን ሌሊት ዘፍዝፎ ሳይቀቀል ጥሬውን መፍጨቱን ታውቂበታለሽ፤ የቀቀለው ሰው ዘይት ውስጥ ይበተንበታል። ግን ፈላፍል ከመጥበሻ ወደ አፍ ነው። ዕቃ ውስጥ ታሽጎ ግማሽ ሰዓት ታክሲ ላይ ከቆየ በእንፋሎቱ ይልመጠመጣል። ሙጀደራ ግን መንገድ ይችላል። እሱን ያዢ፣ ከጎኑ የጥቅል ጎመንና የቲማቲም ሰላጣ በሎሚ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሰው የለመደውን በያይነቱ አቅርቢ። ሁለት ምግብ ለመጀመሪያው ሦስት ወር ይበቃል።

አሁን ሚዛን ግዢ። ትንሽ የኪችን ዲጂታል ሚዛንና አንድ ደብተር። እጅሽ መጠኑን እንደሚያውቅ አልጠራጠርም፤ ግን እጅሽ የሚያውቀውን ነገ የምትቀጥሪያት ረዳት አታውቀውም። ኪስሽም አያውቀውም። ጨውን ብቻ ውሰጂ። ሽሮና በርበሬው ወፍጮ ቤት ሲሄድ ጨው የሚቀላቀልበት አለ፣ የማይቀላቀልበት አለ። በርበሬው በተቀየረ ቁጥር ወጡ ይቀየራል። አሥር ሰው ለሚበላ ቤት ይህ ችግር አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ ለሚበላ ሰው ግን የሰኞው ከሐሙሱ ሲለይበት ችግር ነው።

የአሥር ሳህን ሙጀደራ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ዋጋው ለምሳሌ ነው፣ በሰፈርሽ ዋጋ ቀይሪው። ሩዝ 600 ግራም፣ ኪሎው 140 ከሆነ 84 ብር። ድፍን ምስር 600 ግራም፣ ኪሎው 200 ከሆነ 120 ብር። ሽንኩርት አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ በ80 ሒሳብ 96 ብር። አትሰስቺ፣ ሙጀደራ ላይ ሽንኩርቱ ነው ምግቡ። በደንብ እስኪጠቁር ስትጠብሺው ያ ሁሉ ሽንኩርት እፍኝ ነው የሚሆነው። ዘይት ሁለት መቶ ሚሊ፣ 60 ብር። ሰላጣው ከነሎሚው 120። ጨውና ከሙን 20። ሲደመር 500 ብር፣ ለአንድ ሳህን 50 ብር።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። «በ50 ሠርቼ በ100 ሸጥኩ፣ 50 አተረፍኩ» ይላል። አላተረፈም። ማሸጊያው 15 ብር ነው። ጋዙ 5 ብር ይደርሳል። ማድረሻው 6 ብር። ኪችኑን በወር 8 ሺህ ተከራየሽ፣ ለግማሽ ቀን የምታግዝሽ ልጅ 5 ሺህ ከፈልሻት እንበል። በወር 22 የሥራ ቀን፣ በቀን 20 ሳህን ብትሸጪ 440 ሳህን ነው። ኪራዩ በሳህን 18 ብር፣ የልጅቷ ደሞዝ 11 ብር ይደርሳል። ሁሉም ሲደመር አንዷ ሳህን 105 ብር ወጣባት። በ100 ብር ብትሸጪ በየሳህኑ 5 ብር እየከፈልሽ ሰው እያበላሽ ነው ማለት ነው።

በ150 ሽጪው። 45 ብር ይተርፍሻል፣ በወር 19,800 ብር ገደማ። ምግብ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ጥሬ ዕቃው ከመሸጫው ዋጋ ሲሶ አካባቢ እንዲሆን የሚጥሩት ለዚህ ነው፤ ከቀረው ሁለት እጅ አብዛኛውን የማታዪው ወጪ ይበላዋል። አሁን ደግሞ በቀን 10 ሳህን ብቻ ሸጥሽ እንበል። ኪራዩና ደሞዙ አይቀንሱልሽም። ሳህኗ 135 ብር ትደርሳለች። የሚተርፍሽ 15 ብር ነው፣ በወር 3,300። የዕቁብሽን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ በየቀኑ ማታ የምትጠይቂው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ብር ገባ?» አይሁን፣ «ዛሬ ስንት ሳህን ወጣ?» ይሁን።

ይህን ደብተር በየቀኑ ሙዪው። ሽንኩርት በበዓል ሰሞን ሲሰቀል የዚያኑ ዕለት ታዪዋለሽ። ደብተር የሌላት ሴት ግን የምታውቀው ወሩ ሲያልቅ፣ ብሩ የት እንደገባ ሲጠፋት ነው።

ስለ ሩዝ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ፣ ሰው የሚታመምበት ስለሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ትኩስ የሚቆይ ከሆነ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። ሩዝ ላይ ደግሞ መቀቀል የማይገድለው ተህዋስ አለ። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ መርዙም ብታሞቂው አይጠፋም። ስለዚህ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከድስት ይውጣ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደንበኛው እጅ ይግባ። የተረፈውን ለነገ አትሽጪ፣ ምንም ያህል ቢቆጭሽ። አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው ሆዱን ቢታመም ስምሽ በአንድ ቀን ያልቃል። የሰውን ጤና መጠበቅ ከንግዱም በላይ ነው።

ደንበኛ ከየት ይምጣ? ለአንድ ቢሮ ብቻ ጀምሪ። የምታውቂያት አንዲት ጸሐፊ፣ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ትበቃለች። ትዕዛዙን ከዋዜማው ማታ በቴሌግራም ሰብስቢ፣ የታዘዘውን ያህል ብቻ አብስዪ። ዱቤ ይጠይቁሻል፤ ደሞዝ 20ዎቹ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ወር መጨረሻ እከፍላለሁ ይላል። ቢከፍሉሽም አንቺ ለምስሩ የምትከፍዪው እጅ በእጅ ነው። ኩፖን አሠሪ። የአሥር ምሳ ቀድሞ በቴሌብር ለከፈለ አንዱን ምሳ በግማሽ ዋጋ ስጪ። ያኔ ዕዳው በተገላቢጦሽ ይሆንና በደንበኞችሽ ገንዘብ ትገበያያለሽ።

ሁዳዴ ሲገባ ሰዓትሽን አስተካክዪ። የሚያከብሩት ሰዎች እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። የምሳ ትዕዛዙ ያንሳል፣ ከሰዓቱ ይበዛል። አንቺ 9 ሰዓት ሥራ ትገቢያለሽ፤ ያን ሰሞን ረዳትሽ ናት የምታደርሰው፣ ምግቡም የሚወጣው ዘግየት ብሎ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሰው ሥጋ ሥጋ ይላል። ያን ጊዜ ትዕዛዝ ቢቀንስ አትደንግጪ፤ ከሁዳዴው ገቢ ለዚያ ጊዜ አስቀምጪ።

ሰርተፍኬቱን በተመለከተ ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ነው የነገሩሽ። ወረቀቱ ይጠቅምሻል። ለማግኘት ግን የግድ ትምህርት ቤት መግባት የለብሽም። ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና በሥራ ላይ በልምድ የተማረንም ሰው ይመዝናል። የጽሑፍ ፈተና አለው፣ የተግባር ፈተና አለው። ተግባሩ አያስፈራሽም። የጽሑፉን ግን አጥኚ፤ የንጽሕና አጠባበቅ፣ የዕቃ አያያዝ፣ የመሣሪያ ስም ይጠይቃሉ። ማን ይረዳሻል መሰለሽ? ያ ሼፍ ተብሎ የመጣው ልጅ። በደሞዙ መናደድሽ ትክክል ነው፣ እኔም ተናድጄልሻለሁ። ጥፋቱ ግን የቀጣሪው እንጂ የልጁ አይደለም። ደብተሮቹን አውሰኝ በዪው። አንቺ ቁሌት አሳዪው፣ እሱ የዕቃ ትዕዛዝ እንዴት እንደሚወጣ ያሳይሽ። የስቶር ሠራተኛውንም ተጠጊ። ምግብ ቤቱ ዘይት በስንት እንደሚገዛ፣ በሳምንት ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ፣ ስንት እንደሚበላሽበት ጠይቂ። ደሞዝ እየተከፈለሽ የምትማሪው ትምህርት ነው፣ ሳትጠግቢው አትውጪ።

ወንድምሽን ውደጂው፣ ማኔጀር ግን አታድርጊው። 20 ሳህን ማኔጀር አያስፈልገውም። ማገዝ ከፈለገ ሞተር ወይ ብስክሌት ይዞ ምሳ ያድርስ፣ በሳህን የተስማማችሁትን ክፈዪው። ካልፈለገ ደግሞ ፍላጎቱ ማገዝ እንዳልነበር ያኔ ታውቂያለሽ። ይህን ስታወሪው እናታችሁ ባሉበት አውሪው፣ ቅሬታ እንዳይሆን።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። ምሳው ሦስት ወር በተከታታይ ደሞዝሽንና ዕቁብሽን ከሸፈነ ያኔ ልቀቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንደሚለው ለአሠሪሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትሰጫለሽ። ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የምትሠሪው አንድ ነገር አለ። አስተዳደሩ ጋ ሄደሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጠይቂ። አንቺ የተቀጠርሽው ዕቃ አጣቢ ሆነሽ ነው፤ መዝገቡ ላይ ማንም አስተካክሎልሽ ካልሆነ እስካሁን ዕቃ አጣቢ ነሽ። ደብዳቤው ላይ «ወጥ ሠሪ» ተብሎ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ከነቀኑ ይጻፍልሽ። ለምዘናው ስትመዘገቢ ልምድሽን የምታሳዪው በዚያ ወረቀት ነው፤ ካላስተካከሉልሽ ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢና ኮፒው ላይ አስፈርሚ።